ጭነት ሽቅብ፣ ባዶ ቁልቁል፦ ከቃሊቲ ሞጆ በኤሌክትሪክ ከባድ መኪና

ሰኞ፣ ኅዳር 8 ቀን 2018። ቃሊቲ

መኪናዋን ያገኘኋት ከቃሊቲ ጉምሩክ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የመጋዘን ግቢ ውስጥ ቆማ ነው። ነጭ ጋቢና፣ ከኋላ ባዶ ተሳቢ። ከሩቅ ለሚያያት ከሌላው ከባድ መኪና አትለይም። ቀረብ ሲሉ ግን የናፍጣ ታንከሩ የለም። የጭስ ማውጫውም የለም። በምትኩ ከጋቢናው ጀርባ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ ሳጥን ተገትሯል። ባትሪው ነው። 282 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይይዛል፤ ለብቻው ወደ ሁለት ቶን ይመዝናል።

እኔ ትራንዚተር ነኝ። የሰው ዕቃ ከወደብ ተነሥቶ መጋዘን እስኪገባ ያለው ጣጣ ሁሉ የእኔ ነው፤ ሰነዱ፣ ቀረጡ፣ መኪና ፍለጋው፣ ወረፋው። ከቆዩ ደንበኞቼ አንዱ የሆኑ የትራንስፖርት ባለንብረት ይህችን መኪና ለሙከራ አምጥተው፣ ሳምንቱን አብሬ እንድጓዝ ጠየቁኝ። «ሾፌሩ መኪናዋን ያይልኛል። አንቺ ደግሞ ሥራውን እይልኝ፤ ከሰነዱና ከወረፋው ጋር ትሄዳለች ወይ?» አሉኝ።

ሳላመነታ እሺ አልኩ። ቤቴ አቃቂ ነው፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ። የጅቡቲ መስመር መኪና በደጃችን ያልፋል። ጠዋት የተሰጣ ነጭ ልብስ ማታ ሲነሣ ነጭ አይደለም። ልጆች ጠዋት መንገድ ዳር ታክሲ ሲጠብቁ፣ ፊት ለፊታቸው የቆመው ተሳቢ ሲነሣ የሚተፋው ጭስ ፊታቸው ላይ ነው የሚያርፈው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ካንሰር እንደሚያመጣ የገለጸው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። እኛ ሰፈር ግን ሰው የሚያማርረው መጨናነቁን ነው እንጂ ጭሱን አይደለም። ጭሱን ለምደነዋል። ይህ መልመዳችን ያሳዝነኛል።

ነገሩ ትንሽ አይደለም። አገሪቱ ከምታስገባውና ከምትልከው ዕቃ ከ90 በመቶ በላዩ በጅቡቲ በኩል ነው የሚያልፈው። ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የኮንቴይነር ጭነት አብዛኛው ሞጆ ደረቅ ወደብ ያርፍና፣ ከዚያ በገላን፣ በአቃቂና በቃሊቲ በኩል ወደ ከተማዋ ይገባል። ሙከራውም በዚሁ መስመር ነው። ከቃሊቲ ሞጆ፣ ከሞጆ ቃሊቲ። አንድ ጉዞ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሾፌሩ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በጅቡቲ ድንበር በጋላፊ መስመር የጨረሱ ሰው ናቸው። «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም «እህቴ» ይሉኛል። ከረዳታቸው ጋር ሆነው መኪናዋን ዞረው ዞረው አዩ። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ረዳቱ ሊነካ ሲል እጁን ያዙት። «እነዚህን ከነካህ የምትመለስ አይምሰልህ» አሉት። ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ገመዶች ናቸው፤ በየትኛውም የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ቀለማቸው ይኸው ነው።

ማታ መሙያው ላይ ሰካናት። መሙያው 60 ኪሎ ዋት ነው የሚሰጠው፤ ማለት በአንድ ሰዓት 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሞላል። ባዶ ባትሪ ቢሆን አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ወደ ሞጆ፣ ከሞጆ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣን። ባትሪው 100 በመቶ ሞልቷል። የመኪናዋ መነሣት አልተሰማኝም። ጋሼ ፔዳሉን ሲነኩት ግቢው ወደ ኋላ መሸሽ ጀመረ። «ማርሽ የለ፣ ፍሪሲዮን የለ፤ ግራ እግሬ ሥራ ፈታ» አሉ። እግራቸው ግን የልማዱን አልተወም፤ በየመታጠፊያው ፍሪሲዮን ፍለጋ ወደ ፊት ይሄዳል።

በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ገባን። ተሳቢው ላይ ባዶ ኮንቴይነር ጭነናል። አስመጪው ዕቃውን አራግፎ ባዶውን መመለስ ግዴታው ስለሆነ፣ ወደ ታች የሚወርደው መኪና አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ቃሊቲ ከሞጆ 400 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። መንገዱ ላይ ሆኖ ቁልቁለት መሆኑ ብዙም አይታወቅም፤ እየቆየ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው።

ጋሼ ከፔዳሉ እግራቸውን ሲያነሡ መኪናዋ ራሷን ያዝ አደረገች። ፍሬን አልረገጡም። ሞተሩ ነው። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጎማውን ከማዞር ይልቅ በጎማው እየዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያመነጨው ወደ ባትሪ ይመለሳል። ዳሽቦርዱ ላይ ቀስቱ ወደ አረንጓዴው ወገን ሲዞር ረዳቱ «ጋሼ፣ እየሞላች እኮ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «በናፍጣው ይህን ቁልቁለት ስጨርስ ፍሬን ሸራው ይሸተኝ ነበር» አሉ።

ሞጆ ስንደርስ ባትሪው 94 በመቶ ላይ ነበር። 60 ኪሎ ሜትር በስድስት በመቶ! ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ጋሼ ግን «እህቴ፣ ገና ነው። መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ደረቅ ወደቡ በር ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ሰልፍ የእኔ ቦታ ነው፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን፣ የመውጫ ወረቀቱን ይዤ ወረድኩ። ከፊትም ከኋላም ያሉት መኪኖች ሞተራቸው አልጠፋም። በየጥቂት ደቂቃው አምስት ሜትር፣ አሥር ሜትር ፈቀቅ ስለሚባል ሾፌሩ ማጥፋት ይሰለቸዋል። ከባድ መኪና ቆሞ ሲያጉረመርም በሰዓት ሦስት ሊትር ያህል ናፍጣ ያቃጥላል። ያንን በሰልፉ ርዝመትና በሰዓቱ አባዙት። የተገዛው በዶላር ነው፤ የመጣውም እዚሁ መንገድ ላይ በቦቴ ተጭኖ ነው። የእኛዋ በሰልፉ ውስጥ ከሬዲዮና ከመብራት በቀር የምትበላው የለም። ከመኪናው ወርጄ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ሳወራ ዓይኔን ጭሱ አቃጠለኝ። ወደ እኛ መኪና ጎን ስመለስ ነው መተንፈስ የቻልኩት።

ተራችን ደረሰ። የኮንቴይነር ማንሻው፣ ሪች ስታከሩ፣ አንድ ባለ 40 ጫማ ኮንቴይነር አንሥቶ ተሳቢው ላይ አኖረው። ከመኪናዋ ጋር 40 ቶን ያህል ሆንን። ሚዛን ላይ ስንወጣ የባትሪው ሁለት ቶን ታሰበኝ። የናፍጣ ሞተሩ፣ የማርሽ ሳጥኑና ሙሉ ታንከሩ ስለሌሉ ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። ብረት ወይም ሴራሚክ ለሚያስመጣ ሰው ይህ ከጭነቱ ላይ የሚቀነስ ነው። ልብስ፣ ፕላስቲክ፣ የቤት ዕቃ ለሚያስመጣው ግን ኮንቴይነሩ ቀድሞ በስፋት ስለሚሞላ ምንም አያጎድልበትም። ይህን ማስታወሻዬ ላይ ከሥሩ አሠመርኩበት፤ የትኛውን ደንበኛ ከየትኛው መኪና ጋር ማገናኘት እንዳለብኝ የሚወስነው እሱ ነው።

መመለሻችን በአሮጌው መንገድ ነበር፤ በቢሾፍቱ፣ በዱከም፣ በገላን። ጋሼ ሆን ብለው ነው። «ፈተና ከሆነ ፈተና ይሁን» አሉ።

እዚህ ላይ የመንገዳችንን ጠባይ ልንገራችሁ። 40 ቶን 400 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ 44 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። የፊዚክስ ሕግ ነው፤ በናፍጣም በኤሌክትሪክም አይቀርም። የጎማው ሰበቃና ነፋሱ በላዩ ላይ ይደመራሉ። የእኛ አገር ጭነት ደግሞ ሁልጊዜ ሽቅብ ነው የሚሄደው። ጅቡቲ ከባሕር ጠረፍ የተነሣ ኩንታል አዲስ አበባ እስኪደርስ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ወደ ታች የሚሄደው ባዶ ነው። ለኤሌክትሪክ መኪና ከዚህ የከፋ መንገድ የለም፤ ቁልቁለቱ የሚመልሰው ጉልበት እንደ ክብደቱ ነው፣ እኛ ግን ክብደቱን ይዘን ወጥተን ባዶ እንወርዳለን። በሌላ አገር የተሞከረ ቁጥር ይዞ «እዚያ ሠርቷል» ማለት ስለዚህ አይበቃም። እዚሁ፣ በዚሁ ዳገት መሞከር አለበት።

ከዱከም ወደ ገላን ስንወጣ ከፊታችን ሦስት ተሳቢዎች ተከታትለው ይንፏቀቃሉ። ጭሳቸው ጥቁር ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ወደ ሞተሩ አየር የሚገፋው ተርቦ የተወሰነውን ያካክስለታል፤ ያረጀና በደንብ ያልተጠገነ ከሆነ ግን ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፣ ያ ጥቁር ጭስ ይሆናል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም። ጋሼ አመልካች አብርተው፣ አይተው፣ ሦስቱንም አለፏቸው። 40 ቶን ይዘን! አንዱ ሾፌር አንገቱን አውጥቶ አየን። ጋሼ ምንም አላሉም፤ ግን ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

ዱከም ላይ ያስተዋልኩት አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ከፊታችን ጭድ የጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘው ይሄዳሉ። ነጂው ልጅ ጆሮው ለሞተር ድምፅ የተሠራ ነው፤ ከኋላው ስንመጣ አልሰማንም። ጋሼ ክላክስ አድርገው ነው የዞረው። ቀስ ብላ ስትሄድ የእኛ መኪና ከጎማ ድምፅ በቀር የላትም። ኤሌክትሪክ ከባድ መኪና ወደ እነዚህ ከተሞች በብዛት ከመግባቱ በፊት ይህ ነገር መላ ያስፈልገዋል። ማስጠንቀቂያ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ የተገጠመላቸው አሉ፤ እዚህ ግዴታ ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ።

ቃሊቲ ግቢው ውስጥ ስንቆም ባትሪው 53 በመቶ ላይ ነበር። ሽቅቡ 41 በመቶ፣ ማለት 115 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ወሰደ። ጋሼ በናፍጣው ቢሆን ይህችኑ ሽቅብ «ከ30 ሊትር አይወርድም» አሉ። ሒሳቡን ሠራሁት፤ አላጋነኑም። አንድ ሊትር ናፍጣ ውስጥ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለ፤ ሞተሩ ከግማሽ በላዩን በሙቀት ይበትነዋል። አንድ ሊትር ሲቃጠል ደግሞ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከሞጆ አንድ ኮንቴይነር ለማምጣት ብቻ 80 ኪሎ ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10። መብራት የለም

ሌሊቱን መሙያ ላይ እንድታድር ነበር ሐሳባችን። ማታ ሰክተናት ሳንርቅ መብራት ጠፋ። ጠዋትም አልመጣም።

የቀረው 53 በመቶ ወደ 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ደርሶ መልሱ 130 ይፈጃል። በወረቀት ይበቃል። ጋሼ ግን እምቢ አሉ። «ገላን ዳገት ላይ ከነጭነቱ ብቆም ማን ይጎትተኛል?» አሉ። ደግ አደረጉ። ከልምድ የሚመጣ እንዲህ ያለውን ፍርድ የትኛውም ዳሽቦርድ አይተካውም።

የግቢው ጥበቃ «ጄነሬተሩን ላስነሣላችሁ?» አለን። ሊረዳን ነው። ጋሼ እኔን አዩ። ናፍጣ አቃጥለን ባትሪ መሙላት ሙከራውን ትርጉም ያሳጣዋል አልኩ፤ ተስማሙ። ጠበቅን።

በዚህ መሐል የሰፈሩ መካኒኮች ወሬውን ሰምተው መጡ። ቃሊቲ ጋራዥ ብዙ ነው፤ ኖዝል የሚጠግነው፣ ራዲያተር የሚበይደው፣ ጎሚስታው። ስለ መኪናዋ ያልጠየቁት የለም። አንዱ ወጣት «ዘይት የላትም፣ ፊልትሮ የላትም፣ ኖዝል የላትም። እኛ ምን ልንሠራ ነው?» አለ። እየቀለደ አልነበረም። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ተሳቢው፣ ባሌስትራው አሁንም ሥራ እንደሆነ ነገርኩት። ግን ከልቤ ያመንኩበትን መልስ አልሰጠሁትም። እነዚህ ልጆች ብርቱካንማውን ገመድ ሳይሞቱ የሚነኩበት ሥልጠና ካላገኙ፣ መኪናዋ ስትበላሽ የሚጠግናት አይኖርም፣ እነሱም እንጀራቸውን ያጣሉ። መኪናውን የሚያስገባ ሁሉ ሥልጠናውንም አብሮ እንዲያስገባ መገደድ አለበት። መኪና ያለ መካኒክ ብረት ነው።

ጾም ስለሆነ ምሳችን ሽሮ ነበር። ከበላን በኋላ መኪናዋ ጥላ ሥር ተቀምጠን፣ ከመምጣቴ በፊት ሳነበው የቆየሁትን ለጋሼ አወራኋቸው።

ከወደብ ወደ መጋዘን በሚመላለስ ከባድ መኪና ላይ ይህን ዓይነት ሙከራ ለረጅም ጊዜ ሲያካሂዱ የቆዩት የካሊፎርኒያዎቹ የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ናቸው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ትልልቅ ወደቦች። ዙሪያቸው የሚኖረው ሕዝብ ልጆቻችን በአስም ታመሙ ብሎ ዓመታት ጮኸ። እ.ኤ.አ. በ2006 ወደቦቹ የጋራ የአየር ማጽጃ ዕቅድ አወጡ። በኦክቶበር 2008 ከ1989 በፊት የተሠሩ ከባድ መኪኖች ወደቡ ውስጥ እንዳይገቡ ከለከሉ። ከዚያ ደረጃ በደረጃ አጠበቁት። በ2012 እዚያ የሚገባ መኪና ሁሉ የ2007ን የጭስ ደረጃ የሚያሟላ እንዲሆን አደረጉ። አሁን ግባቸው በ2035 ከወደቡ የሚወጣው ከባድ መኪና ሁሉ ጭስ አልባ እንዲሆን ነው።

በመሐሉ ያልሞከሩት የለም። በተፈጥሮ ጋዝ የሚሄድ ሞክረዋል። ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሃይድሮጂን የሚሄድ ከባድ መኪና እዚያ አሰማርቷል። በዚያው ዓመት ካርሰን በምትባለው ከተማ አንድ ማይል መንገድ ላይ እንደ ባቡር ከላይ ሽቦ ዘርግተው መኪናው እየሄደ ኤሌክትሪክ እንዲወስድ አድርገዋል። ባትሪም ሞክረዋል።

ጋሼ በጥሞና ሰምተው «እኛ የቱን እንምረጥ ታዲያ?» አሉኝ።

የእኔ መልስ ይህ ነው። እነሱ ገና ሲጀምሩ ያልነበራቸው ነገር በእጃችን አለ። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው ኤሌክትሪካችን ከውሃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ሕዳሴ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ናፍጣውን ግን ሙሉ በሙሉ ከውጭ ነው የምናስገባው። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ተከልክሏል። ከባድ መኪናው ግን አሁንም በአብዛኛው በናፍጣ ነው የሚሄደው። ሃይድሮጂን የሚሞላበት ቦታ እዚህ የለም፤ ቢኖርም ኤሌክትሪኩን ወደ ሃይድሮጂን፣ ሃይድሮጂኑን መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ሲለውጡ አብዛኛው በመንገድ ይባክናል። ለዚህ አጭር ምልልስ ባትሪው ይበቃል።

ችግሩ ታዲያ ዛሬ ፊት ለፊታችን ያለው ነው። ኤሌክትሪኩ አገር ውስጥ አለ፤ ቃሊቲ ግቢው ውስጥ ግን የለም። ከተቀመጥንበት ጥቂት ወረድ ብሎ፣ በአቃቂ ወንዝ ላይ፣ አባ ሳሙኤል አለ፤ ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ ነው። ትንሽ ነው፣ 6.6 ሜጋ ዋት። ግን በሙሉ አቅሙ ሲሠራ እንደኛ ያለ መሙያ ከመቶ በላይ በአንዴ ያንቀሳቅሳል። ኃይል ሳይጠፋ የጎደለው ማድረሻው ነው፤ ትራንስፎርመሩ፣ መስመሩ።

መብራቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መጣ። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ቡናው ወረደ

ዛሬ ባዶ አልወረድንም። ገላን አካባቢ ካለ መጋዘን አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ቡና ጫንን። ለኤክስፖርት የሚሄድ ነው። 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፤ 19.2 ቶን። ከመኪናዋ ጋር 37 ቶን ገደማ።

ማክሰኞ ባዶ ኮንቴይነር ይዘን ነው የወረድነው። ዛሬ ከዚያ በእጥፍ ከብደናል። ስንት በመቶ እንደሚወስድ ተወራረድን፤ ረዳቱ 20 አለ፣ ጋሼ 15። ሞጆ በር ላይ ስንቆም ሰባት በመቶ ነበር የወሰደው።

ይህን ደጋግሜ አረጋገጥኩት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ክብደቱ ሲጨምር የጎማው ሰበቃ ይጨምራል፤ ግን ቁልቁለቱ የሚሰጠው ጉልበትም አብሮ ይጨምራል። ሁለቱ ይካካሳሉ። 19 ቶን ቡና ከባዶው በአንድ በመቶ ብቻ ጨምሮ ወረደ። በናፍጣ ቢሆን ከቁልቁለቱ ጉልበት የሚተርፈው ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ነበር የሚቀረው።

ስለዚህ ስለ መንገዳችን ማክሰኞ የጻፍኩት አንድ ወገን ብቻ ነው። ጭነት ሽቅብ፣ ባዶ ቁልቁል ከሆነ መንገዱ ይጎዳናል። ቡናው፣ ሰሊጡ፣ ቦሎቄው በዚሁ መኪና እንዲወርድ ካደረግን ግን ያው መንገድ ይከፍለናል። ይህ ደግሞ የመሐንዲስ ሥራ አይደለም፤ የትራንዚተር ሥራ ነው። አስመጪውንና ላኪውን ማገናኘት፣ ኮንቴይነሩን እዚያው አራግፎ እዚያው መሙላት፣ ቀጠሮውን ማጣጣም። እኔና የሥራ ጓደኞቼ በስልክ የምንጨርሰው ነገር ነው።

ወደ ላይ ስንመለስ ከቢሾፍቱ እስከ ዱከም ግራና ቀኙ ጤፍ እየታጨደ ነበር። መስኮቱን ከፍተን ሄድን። ከዚህ በፊት በከባድ መኪና ስሄድ መስኮት ከፍቼ አላውቅም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ሚካኤል

አልተጓዝንም። ጋሼ ሚካኤልን ሊያነግሡ ሄዱ። ሰፈሩ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ አቃጠለ፤ ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. ያ ክፉ በሽታ አገሩን ካዳረሰ ወዲህ የቆየ ልማድ ነው። አያቶቻችን ይህን ያደረጉት ሰፈሩን ከበሽታ ለማጽዳት ነው። የዚያ ሐሳብ ይገባኛል፤ የዛሬው ቆሻሻ ግን ግማሹ ፕላስቲክ ነው፣ ባይቃጠል እመርጣለሁ። ዛሬ ሰው ሁሉ ስለ ጭስ አወራ። ነገ ያለፈው ዝምታ ይመለሳል፤ በመንገዱ ላይ ግን ተሳቢዎቹ ዛሬም አልቆሙም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13። እንዶዴ

ጠዋት እንዶዴ የባቡር ጣቢያ ሄድን። ከዚያ አንድ ኮንቴይነር ወደ ቃሊቲ ማምጣት ነበረብን። አጭር ናት፤ ባትሪው ላይ የወሰደችው ሊጠቀስ የሚገባው አይደለም። ግን ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው የነበረውን ያየሁት እዚህ ነው።

ኮንቴይነሩ ከጅቡቲ የመጣው በባቡር ነው። መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንሥቶ መደበኛ አገልግሎት የሚሰጥ። ያንን በረሃ፣ ያንን ዳገት ሁሉ ያለ ጭስ ወጥቶ ይመጣል። እዚህ ሲደርስ ናፍጣ መኪና ላይ ይጫናል፤ ሰው በብዛት ወደሚኖርበት፣ ልጆች መንገድ ዳር ወደሚቆሙበት ሰፈር ሲገባ ነው ጭሱ የሚጀምረው። 700 ኪሎ ሜትር አብዛኛው ሰው በሳሳበት ንጹሕ፣ የመጨረሻዋ 20 ኪሎ ሜትር በደጃችን ጥቁር። ይህ ቆሜ ሳየው አናደደኝ። ጣቢያው በር ላይ የሚጠብቁትን መኪኖች አየሁ፤ የሁሉም ሞተር ይሠራል። ከበላያቸው የባቡሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ ተዘርግቷል።

ጋሼ ይህችን መኪና ጋላፊ ድረስ ስለመውሰድ ሰዎች እንደጠየቋቸው ነገሩኝ። እኔ አይሆንም ባይ ነኝ። በአንድ ሙሌት ሁለት ጊዜ ሞጆ ደርሳ የምትመለስ መኪና፣ የአፋርን ሙቀትና ያን ሁሉ ርቀት ያለ መሙያ አትችልም። ረጅሙን ባቡሩ ይያዘው። አጭሩን ለእሷ ስጡ።

ከሰዓት ከባለንብረቱ ጋር ተገናኘን። ያሰፈርኩትን ሁሉ አነበብኩላቸው። በጥንቃቄ ሰሙ። የመኪናዋ ዋጋ ከናፍጣዋ በጣም እንደሚበልጥ፣ ያነጋገሩት ባንክ ደግሞ ባትሪው ከስንት ዓመት በኋላ ስንት እንደሚያወጣ ገምቶ በመያዣነት ለመቀበል እንደከበደው ነገሩኝ። ይህን እኔ አልፈታላቸውም። ከዚያ ጠየቁኝ፦ «መሙያውን ሞጆ ላድርገው ወይስ ቃሊቲ?»

ቃሊቲ፣ ማራገፊያው ላይ አልኳቸው። መኪናችን ማክሰኞም ሐሙስም መጋዘን በር ላይ ተራዋ ደርሶ እስክታራግፍ ሦስት ሰዓት ያህል ቆማለች። በዚህ መሙያ ሦስት ሰዓት ማለት 180 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ ለአንድ ደርሶ መልስ በቅቶ ይተርፋል። ስንረግመው የኖርነው ወረፋ ሥራ ያገኛል። ለብቻ ቆሞ መሙላት የሚባል ነገር አይኖርም። መሙያው ግን ከግቢው ጀርባ፣ የጥበቃ ቤቱ ጋ ሳይሆን መኪናው ዕቃ ከሚያራግፍበት አጠገብ መሆን አለበት። ትራንስፎርመሩም ለመጋዘኑ ብቻ የታሰበ ስለሆነ መቀየር አለበት፤ ሁለት መኪና በአንድ ጊዜ ከተሰካ አይችልም።

ወረቀት አውጥተው የግቢውን ንድፍ አስሳሉኝ። የማራገፊያው በር የት፣ ፎርክሊፍቱ በየት በኩል፣ ገመዱ መሬት ለመሬት ቢሄድ ማን ይረግጠዋል። ጋሼ ከኋላ ቆመው «ገመዱ ከላይ ይምጣ፤ መሬት ላይ ከሆነ በሳምንቱ ፎርክሊፍት ይበጥሰዋል» አሉ። ንድፉ ተቀየረ።

ባለንብረቱ የመጋዘኑን ባለቤት ሰኞ ሊያነጋግሩ ነው፤ የትራንስፎርመሩን ወጪ ለሁለት እንዲካፈሉት። እኔ ደግሞ ቡና ላኪዎቹን ይዣለሁ። ለአንዷ ደንበኛዬ እዚያው ሆኜ ደወልኩላት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ኮንቴይነር ወደ ሞጆ የሚወርድ አላት። ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገላን መጋዘኗ በር እንድንደርስ ቀጠሮ ይዘናል።